በካርቶኑ ላይ ያልተጻፈው ቁጥር፤ ለጨዋታ የሚሆን ርካሽ ቴሌቪዥን ስለ መምረጥ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ መድረክ ከእኔ በፊት የቀረቡት ንግግሮች ስለ ግድብ፣ ስለ ድልድይና ስለ ኃይል ማስተላለፊያ መስመር ነበሩ። እኔ የማቀርበው ግን ለጨዋታ የሚሆን ርካሽ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን እንዴት እንደሚመረጥ ነው። የጉባኤው አዘጋጆች ርእሱን በሰሙ ጊዜ ፈገግ ማለታቸውን አልሸሽግም፤ እናንተም ፈገግ ብትሉ አልቀየምም። ይሁንና ነገሩ እንደሚመስለው ቀላል አለመሆኑን እስካስረዳ ድረስ ጥቂት እንድትታገሡኝ እለምናለሁ።

በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተሞች ፕሌይስቴሽን ቤት የሌለበት ሰፈር ማግኘት ያዳግታል። አንዲት ጠባብ ክፍል፣ ሁለት ወይም ሦስት ቴሌቪዥን፣ ጥቂት ወንበሮች፣ በበሩ ላይ የተንጠለጠለ መጋረጃ፤ ንብረቱ ይኸው ነው። ባለቤቱ ብዙውን ጊዜ ከትምህርት ቤት ከወጣ እምብዛም ያልቆየ ወጣት ሲሆን፣ መነሻ ገንዘቡም ከቤተሰብ ወይም ከዕቁብ የተገኘ ነው። የሚያስከፍለው በጨዋታ ቁጥር ስለሆነ፣ ዛሬ የተጫወተው ልጅ ነገ ተመልሶ ካልመጣ ቤቱ ይዘጋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ቀድሞ በባንክ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ ከውጭ የሚገባውም ዕቃ ዋጋው አብሮ ተነሣ። እንዲህ ባለ ጊዜ ያለ የሌለ ገንዘቡን አውጥቶ የማይሆን ቴሌቪዥን የገዛ ወጣት፣ ሌላ የሚገዛበት አቅም አይኖረውም። ርእሴ የመዝናኛ ቢመስልም ለእንዲህ ያለው ሰው የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ገዢ ሱቅ ገብቶ የሚጠይቀው የታወቀ ነው። ስንት ኢንች ነው? ፎር ኬ ነው? ስማርት ነው? ዋስትናው ለስንት ጊዜ ነው? ሻጩም ከካርቶኑ ላይ እያነበበ ይመልሳል። ለጨዋታ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ቁጥር ግን በካርቶኑ ላይ አይጻፍም። እኔ የምላሽ መዘግየት እለዋለሁ። ይኸውም ምስሉ ከፕሌይስቴሽኑ ወጥቶ በገመዱ በኩል ቴሌቪዥኑ ዘንድ ከደረሰበት ቅጽበት አንሥቶ፣ በመስኮቱ ላይ እስኪታይ ድረስ የሚያልፈው ጊዜ ነው። የሚለካውም በሚሊ ሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ሺኛ ነው።

የቴሌቪዥን ሥርጭት በአገራችን በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር ሕዝቡ ይመለከትበት የነበረው ባለ ቱቦው መሣሪያ ይህ ችግር አልነበረበትም። የመጣው ምልክት የኤሌክትሮኑን ጨረር በቀጥታ ስለሚነዳ፣ ምልክቱ ሲደርስና ብርሃኑ ሲታይ በመካከሉ የሚቆጠር ጊዜ አልነበረም። ለዚህም አንድ ማስረጃ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የኒንቴንዶ ኩባንያ በቴሌቪዥን ላይ የሚታዩ ዳክዬዎች የሚታደኑበት የመጫወቻ ጠመንጃ ሠርቶ ነበር። ምላጩ ሲሳብ መስኮቱ ለቅጽበት ይጨልምና ዳክዬው ባለበት ቦታ ብቻ ነጭ ብርሃን ይበራል፤ ጠመንጃውም ያን ብርሃን በተወሰነለት ጊዜ ውስጥ ካየ ተኳሹ መታ ማለት ነው። ይኸው ጠመንጃ በዛሬው ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ፊት ምንም አይሠራም። ብርሃኑ ስለሚዘገይበት፣ ዒላማው ላይ የተደገነ ሁሉ ሁልጊዜ እንደሳተ ይቆጠራል።

ዛሬ «ፍላት» የምንለው ቴሌቪዥን የመጣለትን ምስል በቀጥታ አያሳይም። በማኅደረ ትውስታው ያስቀምጠዋል፤ ከመስኮቱ ነጥቦች ቁጥር ጋር ያስተካክለዋል፤ ቀለሙን ያደምቀዋል፤ ጠርዙን ይስለዋል። ከዚያም አልፎ እንቅስቃሴውን ለማለስለስ በሁለት ምስሎች መካከል የሌለ ሦስተኛ ምስል ፈጥሮ ያስገባል። መካከለኛውን ለመፍጠር የሚቀጥለውን ማየት ግዴታ ስለሆነ፣ ይህ ሥራ ብቻውን ቢያንስ የአንድ ምስል ጊዜ ያስጠብቃል። በሰከንድ 60 ምስል ለሚሰጥ ጨዋታ ይህ 16.7 ሚሊ ሰከንድ ነው። ሁሉም ተደምሮ በአንዳንድ ቴሌቪዥኖች ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሰከንድ፣ አልፎ አልፎም ከዚያ በላይ ይደርሳል። ፊልም ለሚመለከት ሰው ድምፁም አብሮ እንዲዘገይ ስለሚደረግ ጉዳት የለውም። ዜና አንባቢው አንድ አሥረኛ ሰከንድ ቢዘገይ ማን ያውቅበታል?

በጨዋታ ግን ነገሩ ይለያል። በእግር ኳሱ ጨዋታ ውስጥ በሰከንድ 8 ሜትር የሚሮጥ አጥቂ አለ እንበል። መዘግየቱ 100 ሚሊ ሰከንድ ከሆነ፣ ልጁ በመስኮቱ ላይ የሚያየው አጥቂ በእውነቱ 80 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት አልፏል። ተከላካዩን አዝዞ እግሩን ሲያስዘረጋ ኳሱ ከነበረበት ሄዷል፤ የሚጠልፈው ሰውየውን ይሆናል፤ ፍጹም ቅጣት ምት ይሰጥበታል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ሁለቱ ተጫዋቾች የሚመለከቱት አንድ መስኮት ነውና መዘግየቱ ለሁለቱም እኩል ነው፤ ታዲያ ማን ተጎዳ? የሚጎዳው ባለቤቱ ነው። ልጆቹ በሌላ ቤት ተጫውተው ያውቃሉና እዚህ ሲመጡ ነገሩ ይከብዳቸዋል። ቴሌቪዥኑ ዘገየ የሚል ግን አይገኝም፤ ሁሉም «ጆይስቲኩ አይታዘዝም» ነው የሚለው። ባለቤቱም ጆይስቲክ ያስጠግናል፤ አልሆን ሲለው አዲስ ይገዛል፤ እሱም አልታዘዝ ይላል። በዚህ ዓይነት በጤነኛ ጆይስቲክ ላይ ገንዘባቸውን የሚያፈስሱ ወጣቶች አሉ። ስሕተቱ የማይታይበት ቦታ ተቀምጦ የሚታየውን ዕቃ የሚያስወቅስ በመሆኑ፣ የመሐንዲስ እርዳታ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

መድኃኒቱ አንዳንድ ጊዜ በነፃ ይገኛል። ዛሬ በሚሸጡ በአብዛኞቹ ቴሌቪዥኖች ላይ «ጌም ሞድ» የሚባል የምስል አቀማመጥ አለ። እርሱ ሲመረጥ ከላይ የዘረዘርኳቸው የማሳመሪያ ሥራዎች አብዛኞቹ ይቀራሉ፤ በደኅና ቴሌቪዥንም መዘግየቱ ወደ 10 ወይም ወደ 20 ሚሊ ሰከንድ ይወርዳል። ምስሉ ትንሽ የደበዘዘ መስሎ ስለሚታይ ብዙዎች ወዲያው መልሰው ያጠፉታል፤ ማጥፋት አይገባም። በተጨማሪም በብዙ ቴሌቪዥኖች ይህ አቀማመጥ ለእያንዳንዱ የኤችዲኤምአይ ሶኬት ለየብቻ እንደሚያዝ ማስታወስ ያስፈልጋል። በአንደኛው ሶኬት ላይ አስተካክሎ ፕሌይስቴሽኑን በሁለተኛው የሰካ ሰው ምንም አላስተካከለም። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ጌም ሞድ የሚል ቃል በሴቲንጉ ውስጥ ተጽፎ፣ ሲመረጥ ቀለሙን ብቻ የሚለውጥ ርካሽ ቴሌቪዥን መኖሩ ነው። ስለዚህ ቃሉን አይቶ ማመን አይበቃም፤ መለካት ያስፈልጋል።

ከመለካቱ በፊት ሁለት የሚያሳስቱ ቁጥሮችን ላንሣ። ሻጩ «ይህ 5 ሚሊ ሰከንድ ነው» ቢላችሁ የሚናገረው ስለ ሌላ ነገር ነው። ያ ቁጥር አንዲት የመስኮቱ ነጥብ ከአንድ የቀለም ደረጃ ወደ ሌላው ለመለወጥ የሚፈጅባትን ጊዜ ያመለክታል። ነጥቧ ብትዘገይ ከሚሮጠው ተጫዋች ኋላ ጥላ ይጎተታል፤ ምስሉ ይደበዝዛል። እጅ ለሚሠራው የዓይን መልስ የሚዘገየው ግን በዚህ ምክንያት አይደለም። ሁለተኛው የሄርትዙ ቁጥር ነው። በካርቶኑ ላይ 120 ወይም 200 የሚል ቁጥር ከአንድ ማራኪ ስያሜ ጋር ተጽፎ ይገኛል፤ መስኮቱ ግን በሰከንድ ምስሉን የሚያድሰው 60 ጊዜ ብቻ ነው፤ የቀረው ከላይ የጠቀስኩት የማለስለስ ሥራ የወለደው ሒሳብ ነው። በርካሽ ዋጋ የቀረበ ቴሌቪዥን 120 ሄርትዝ ነው ከተባለ፣ የመስኮቱ የራሱ የማደስ ድግግሞሽ ስንት እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። ሻጩ ከተወላወለ 60 ነው ብሎ መያዝ ያዋጣል። 60 ደግሞ ነውር አይደለም፤ ለእግር ኳሱ ጨዋታ በቂ ነው።

አሁን ወደ መለኪያው እንምጣ። የሚያስፈልገው በሰከንድ 240 ምስል የሚያነሣ ስልክ፣ አንድ ፕሌይስቴሽንና አንድ ጆይስቲክ ነው። ስልኮች ይህን «ስሎው ሞሽን» ይሉታል። አንዱ ሰው ጆይስቲኩን ከመስኮቱ አጠገብ ይይዛል፤ ሌላው አውራ ጣቱንና መስኮቱን አንድ ላይ በሚያሳይ አኳኋን ይቀርጻል። የሚመረጠውም እንቅስቃሴ ድንገተኛ መሆን አለበት። ኳስ መምታት አይሆንም፤ ተጫዋቹ እግሩን እስኪያነሣ ጨዋታው ራሱ ጊዜ ይወስዳልና። በምናሌው ላይ ምልክቱን ከአንድ መስመር ወደ ሌላው ማሻገር ይሻላል። ከዚያም ቀረጻውን አንድ በአንድ እያሳለፉ፣ ጣቱ ቁልፉን ተጭኖ ከወረደበት ምስል አንሥቶ ምልክቱ እስከተሻገረበት ምስል ድረስ መቁጠር ነው። እያንዳንዱ ምስል 4.2 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው።

በዚህ የሚገኘው ቁጥር የጆይስቲኩን፣ የፕሌይስቴሽኑንና የጨዋታውን ጊዜ ሁሉ የያዘ ድምር ነው። ብቻውን ብዙ አይናገርም። ነገር ግን ፕሌይስቴሽኑን፣ ጆይስቲኩንና ጨዋታውን ሳይለውጡ ቴሌቪዥኑን ብቻ ቢለውጡ፣ በሁለቱ ድምሮች መካከል የሚታየው ልዩነት የቴሌቪዥኖቹ ልዩነት ነው። ለምሳሌ በአንደኛው 45፣ በሁለተኛው 27 ምስል ቢቆጠር፣ ልዩነቱ 18 ምስል ወይም 75 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። ይህም ከአራት የጨዋታ ምስሎች በላይ ነው። ቁልፉ የሚጫነው በማንኛውም ቅጽበት ስለሆነ አንዱ ሙከራ ከሌላው እስከ 16 ሚሊ ሰከንድ ሊራራቅ ይችላል፤ ስለዚህ አሥር ጊዜ ደጋግሞ አማካዩን መውሰድ ግድ ነው። ሌላም ትንሽ ነገር አለ። የአንዳንድ ቴሌቪዥን ብርሃን ሲቀነስ በፍጥነት ብልጭ ድርግም ስለሚል ቀረጻውን ያበላሻል፤ በሚለካበት ጊዜ ብርሃኑን ወደ ላይ ማድረግ ነው። ይህ ሁሉ በሱቁ ውስጥ ከሩብ ሰዓት በላይ አይወስድም። ሻጩ ቢያጉረመርምም በቅሎ ገዢ ጥርሷን ገልጦ አይቶ፣ ሽቅብና ቁልቁል ሳያስኬዳት ገንዘቡን አይቆጥርም፤ ቴሌቪዥንስ ለምን በካርቶኑ ይገዛል?

ስለ ምስል ጥራት ባነሣ፣ ፎር ኬ የሚለው ቃል በገበያችን ከሚገባው በላይ የተከበረ ይመስለኛል። ጤናማ ዓይን ሁለት ነጥቦችን ለይቶ የሚያየው፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት ቢያንስ የአንድ ዲግሪ አንድ ስድሳኛ ሲሆን ነው። ባለ 43 ኢንች መስኮት ወርዱ 95 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ይህ ለ1920 ነጥብ ሲካፈል ለአንዱ ነጥብ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሰዋል። በሒሳቡ መሠረት ከ1 ሜትር ከ70 ርቆ የተቀመጠ ሰው እነዚህን ነጥቦች ለይቶ አያያቸውም። የፎር ኬውን ጥቅም ለማየት ከዚያ መቅረብ አለበት፤ ነጥቦቹን አንድ በአንድ እለያለሁ ካለማ እስከ 85 ሳንቲ ሜትር መጠጋት ይኖርበታል። ወንበሩ በ2 ሜትር ተኩል ላይ በተተከለበት ቤት ለፎር ኬ የሚከፈለው ትርፍ ገንዘብ የሚታይ ነገር አይገዛም። ፕሌይስቴሽን 4ም ቢሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የመጀመሪያው ዓይነት የሚሰጠው በ1920 በ1080 ነጥብ ነው። በ32 ኢንች ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ርካሽ 32 ኢንቾች «1080 ይቀበላል» ተብሎ ይጻፍባቸዋል፤ መስኮታቸው ግን 1366 በ768 ነጥብ ብቻ ነው። መቀበልና ማሳየት የተለያዩ ግሦች ናቸው። ኤችዲአር የሚለውም ጽሑፍ በርካሹ ቴሌቪዥን ላይ እንዲሁ ነው፤ ምልክቱን ይቀበላል፤ የሚያሳይበት ብርሃን የለውም።

ፎር ኬ የግድ የሚፈልግ ሰው ሶኬቱን ይመርምር። የኤችዲኤምአይ 1.4 ሶኬት ፎር ኬ ምስል የሚያሳልፈው በሰከንድ 30 ጊዜ ብቻ ነው። ለ60 የሚያስፈልገው እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው 2.0 ነው። ለ120 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው 2.1 ያስፈልጋል፤ ይህ ግን ከርካሹ ገበያ እምብዛም አይገኝም። ፕሌይስቴሽን 5 በሌለበት ቤት ስለ እርሱ መጨነቅ አያሻም።

የመስኮቱ ዓይነት ከጎን በመቆም ይታወቃል። በፕሌይስቴሽን ቤት ፊት ለፊት የሚቀመጡት ሁለቱ ተጫዋቾች ናቸው፤ ተራ ጠባቂዎቹ ከጎን ይቆማሉ፤ እነርሱም የነገ ከፋዮች ናቸው። ከጎን ሲታይ የሰው ፊት ቀለሙ ነጣ የሚልበት መስኮት ብዙውን ጊዜ ቪኤ የሚባለው ነው። ጥቁሩ ጠለቅ ያለ ስለሆነ ብቻውን በጨለማ ለሚጫወት ሰው ይመረጣል። አይፒኤስ የሚባለው ጥቁሩ ወደ ግራጫ ያደላል፤ ከጎን ግን አይለወጥም። ለሕዝብ ቤት እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ኦሌድ የሚባለው ከሁሉ ያማረ ቢሆንም፣ የጨዋታው ውጤት የሚጻፍበት ሰሌዳ ቀኑን ሙሉ በአንድ ቦታ ሲቆም እንደ ማኅተም ታትሞበት ሊቀር ስለሚችል፣ በሥጦታ ቢገኝ እንኳ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ያገለገለ ለሚገዛ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። በርካሽ ቴሌቪዥን ላይ ቶሎ ከሚበላሹት ክፍሎች አንዱ ከመስኮቱ ጀርባ ያለው የመብራት ረድፍ ነው። ትንንሾቹ መብራቶች በተከታታይ የተያያዙ ስለሆኑ አንዷ ስትቋረጥ ረድፉ በሙሉ ይጠፋል፤ ድምፅ አለ፣ ምስል የለም። እንዲህ ያለው ቴሌቪዥን እንደ ሞተ ተቆጥሮ በትንሽ ገንዘብ ይሸጣል። ባትሪ አብርቶ መስኮቱን በቅርብ ሲያዩት ምስሉ በደካማው ከታየ መስኮቱ ደኅና ነው፤ መብራቱን መለወጥ ይቻላል። መስኮቱን ሳይሰብር የሚያወጣ ባለሙያ ከተገኘ ከዚህ የተሻለ ርካሽ ግዢ አላውቅም። የተሰነጠቀ መስኮት ግን የቴሌቪዥኑ ዋጋ አብዛኛው እርሱ ስለሆነ በነፃም አይወሰድ። አዲስ የገዛም ቢሆን ሱቁ ለማሳያ ብሎ እስከ ጥግ ያበራውን ብርሃን ወደ ግማሽ ያህል ዝቅ ያድርገው፤ መብራቶቹ የሚሞቱት በሙቀት ነውና። መብራት ሲሄድ ቴሌቪዥኑንና ፕሌይስቴሽኑን ከሶኬቱ መንቀል፣ ሲመጣም ቮልቴጁ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ መቆየት ነው። ተራ ዲቫይደር ሶኬት ያበዛል እንጂ ከዚህ አያድንም።

በቤቱ ለብቻው ለሚጫወት ደግሞ ቴሌቪዥን ባይገዛስ? ኤችዲኤምአይ ያለው ባለ 24 ኢንች ያገለገለ የኮምፒዩተር ሞኒተር ከምስል ማሳመሪያው ጣጣ ነፃ ስለሆነ መዘግየቱ ብዙውን ጊዜ አነስተኛ ነው። ድምፅ ስለማይኖረው ግን የጆሮ ማዳመጫ በጆይስቲኩ ላይ መሰካት ይኖርበታል። የጨዋታ ተመልካች ለሌለበት ክፍል የእኔ ምርጫ ይህ ነው።

ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። አንድ ፕሌይስቴሽን፣ አንድ ጆይስቲክና የተለካ አንድ ማነጻጸሪያ ሞኒተር በጽሕፈት ቤታችን ይቀመጥ። በወር አንድ ቅዳሜ ማንም ወጣት የሚገዛውን ወይም የገዛውን ቴሌቪዥን አምጥቶ ያስለካ። የየዓይነቱ ውጤት ከሞዴሉ ቁጥር ጋር ተመዝግቦ በበራችን ላይ ይለጠፍ። ወጪው ከአንድ የምሳ ግብዣ አይበልጥም፤ ሁለት አባላት በተራ ቢገኙ ይበቃል። እኔ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ተመዝግቤአለሁ።

ከዚህ አዳራሽ ቀጥሎ ባለው ክፍል ሁለት ባለ 43 ኢንች ቴሌቪዥኖች ከአንድ ፕሌይስቴሽን ጋር ተዘጋጅተዋል። የትኛው እንደሚዘገይ አሁን አልነግራችሁም። በሻይ ዕረፍቱ ስልካችሁን ይዛችሁ ግቡና ቁጠሩ።